የተማረውን ሁሉ ይዞ መድረክ የወጣ

ጣሊያናዊው የኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ ደራሲ ጁዜፔ ሲኖፖሊ ሲነሳ ወሬው ሁሌ ከአሟሟቱ ይጀምራል። ኤፕሪል 20 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. (ዓመታቱን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በርሊን፣ ዶይቸ ኦፐር በተባለው ኦፔራ ቤት የቨርዲን «አይዳ» ሲመራ ሦስተኛው ገቢር ላይ ልቡ ከዳችው፤ ሙዚቀኞቹ ፊት ወደቀ። 54 ዓመቱ ነበር። እኔን ግን ይበልጥ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ዓለም ያወቀው ይህ ሰው በዚያ ሰሞን ሮም ዩኒቨርሲቲ የአርኪኦሎጂ ተማሪ ነበር፤ ለመመረቅም የቀረው ጥቂት ነበር።

ፒያኖ አስተምራለሁ። ልጆች አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ ወላጆች ይመጡና «እንግዲህ ሙዚቃው ይብቃት፤ ሐኪም ነው የምትሆነው» ይሉኛል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ የሚያስጨንቃቸው የልጃቸው እንጀራ ነው። ሰው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ነው የሚያድገው፣ የቀረው ጊዜ ማባከን ነው የሚለውን እምነታቸውን ግን አልቀበለውም። ሲኖፖሊን የማነሳላቸውም ለዚህ ነው።

በ1946 ቬኒስ ተወለደ። እዚያው ቤኔዴቶ ማርቼሎ ኮንሰርቫቶሪ ሙዚቃ እየተማረ፣ ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሕክምና አጥንቶ ተመረቀ። ቀጥሎ ቪየና ሄደና ሀንስ ስዋሮቭስኪ ዘንድ ኦርኬስትራ መምራት ተማረ። በ1975 የዘመኑን ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን አቋቁሞ በሌላው የቬኒስ ልጅ፣ በደራሲውና መሪው በብሩኖ ማዴርና ስም ሰየመው። ሕይወቱ ሙዚቃ ሆነ። ታዲያ ያ ሁሉ የሕክምና ትምህርት ውኃ በላው?

በ1983 ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረጸውን የሹማንን ሁለተኛ ሲምፎኒ ያድምጡት። ሹማን ይህን ሥራ የጻፈው በ1844 አእምሮው ክፉኛ ከታወከ በኋላ፣ ገና እያገገመ ሳለ ነው። ኋላ ሕመሙ ጸንቶበት በ1856 በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ አረፈ። ሲኖፖሊ ስለ ደራሲው ሕመም ከቅጂው ጋር የወጣ ጽሑፍ ጽፏል። ያንን ባያነቡም ጆሮዎ ይደርስበታል። በሦስተኛው፣ በዝግታ በሚሄደው ክፍል ቫዮሊኖቹ የጀመሩትን ዜማ ኦቦው ይቀበላል፤ ባሶኑም ዝቅ ባለው ድምፁ ይገባበታል። ብዙ መሪዎች ይህን ሐዘን እንዲያምር ብለው ያለሰልሱታል። ሲኖፖሊ ዜማው ትንፋሽ የሚያጥርበት ቦታ ሲደርስ ሸፍኖት አያልፍም። ስለዚህ በመጨረሻው ክፍል የሚመጣው ደስታ ከአልጋ የተነሳ ሰው ደስታ መሆኑ ይሰማል። ሕክምናው የገባው እዚህ ነው።

ከ1984 ጀምሮ ለአሥር ዓመት የለንደኑን ፊልሃርሞኒያ ሲመራ ግን ብዙ የእንግሊዝ ሃያስያን አልማሩትም። ፍጥነቱን ያዛባል፣ ሙዚቃውን በሐሳብ ብዛት ይበታትነዋል አሉ። አንዳንዴ እውነት አላቸው፤ ማህለርን ሲመራ የሚጓተትበት ቦታ አለ። ብዙ ማሰብ እንደ ጥፋት መቆጠሩ ግን ያስቆጣኛል። የድሬስደኑ ኦርኬስትራ ሽታትስካፔለ ግን ከ1992 እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም፤ ለእኔ የእነዚያ ሙዚቀኞች ጆሮ ይበልጥብኛል።

ሲሞት ይመራው የነበረው «አይዳ» እኛንም ይመለከታል። ታሪኩ ግብፅ ውስጥ በባርነት የተያዘች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ያሠራው የግብፅ ገዥ ኬዲቭ እስማኤል ሲሆን በ1871 መጀመሪያ የታየው ካይሮ ነው። ያው እስማኤል ከአራት ዓመት በኋላ ጦሩን ወደ ሀገራችን ልኮ ጉንደት ላይ ድል ሆነ። ሦስተኛው ገቢር የዓባይ ዳር ሌሊት ነው፤ ቫዮሊኖቹ ሶል የምትባለውን አንዲት ድምፅ ይዘው ከላይ ታች ይመላለሳሉ፣ ፍሉቱ በላያቸው ይንሳፈፋል፤ አይዳም ዳግም የማታያትን ሀገሯን ታነሳለች። ሲኖፖሊ በ1978 ቬኒስ፣ ላ ፌኒቼ በተባለው ቤት ኦፔራ መምራት የጀመረው በዚሁ ሥራ ነበር። የበርሊኑን ምሽት ደግሞ ከእሱ ጋር ተኳርፎ ለነበረው፣ ከጥቂት ወራት በፊት ለሞተው ለዝግጅት መሪው ለጎትዝ ፍሪድሪክ መታሰቢያ አድርጎት ነበር።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። «ሉ ሳሎሜ» የተባለው ኦፔራው በ1981 ሙኒክ ታየ። ባለታሪኳ የኒቼና የሪልከ ወዳጅ፣ ኋላም የፍሮይድ ደቀ መዝሙር የሆነችው ሴት ናት፤ ሐኪሙና ደራሲው በአንድ ሥራ የተገናኙበት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን መምራቱ ጊዜውን ስለበላው የደራሲነት ብዕሩን አስቀመጠ ማለት ይቻላል። ዝነኛ ከሆነ በኋላ ለአርኪኦሎጂ ጊዜ ያገኘ ሰው ለድርሰቱም ሊያገኝ ይገባው ነበር። ለወላጆቹ የምለውን ለእሱም እላለሁ፦ አንዱን ለሌላው ሲል መተው አልነበረበትም። የአውሮፓ ኦፔራ ቤቶችም አሟሟቱን ከሚተርኩልን ያንን ኦፔራ እንደገና ያሳዩን።