የላስታ ቤት ሒሳብና የእኛ መዋጮ

«ሕዝባችን ቁጠባ አያውቅም» የሚለው አባባል በተማረው ክፍል አፍ የተለመደ ሆኗል። በክርክር መድረክ ይነገራል፤ በክፍል ውስጥ ይነገራል፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሁለተኛውን ብርጭቆ ስናዝ እንኳ እኛው ራሳችን እንለዋለን። እኛ የላስታ ልጆች ይህን በሰማን ቁጥር «ለመሆኑ ተናጋሪው የማንን ቤት አይቶ ነው?» ብለን መጠየቃችን አልቀረም። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ የአንድ ላስታ ቤት ሒሳብ እንዴት እንደሚያዝ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን፣ እንዲሁም ለመምህራኖቻችን ልናስረዳ እንወዳለን። ሒሳቡን ካሳየን በኋላ የምንጠይቀው ነገር አለን።

የላሊበላን ስም የማያውቅ የለም። ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ሥዕላቸው ያልደረሰበት አገር የለም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጀርባ ያለው ገበሬ ግን በሥዕሉ ውስጥ አይገባም። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይዘራል፤ ወደ ተከዜ ሲወረድ ጤፍና ማሽላ ይገኛል። መሬቱ ድንጋያማ፣ የአንድ ቤት ድርሻም ትንሽ ነው። ደጋው በበልግም በክረምትም ዝናብ ስለሚታመን፣ በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የጭንቅ ጊዜ ይሆናል። የላስታ እናት ሒሳቧን የምትይዘው በዚህ መሬት ላይ ነው።

እስቲ ወደ ማድ ቤቷ እንግባ። ቡና በደጋው አይበቅልም፤ በገንዘብ የሚገዛ ነው። ስለዚህ አንዱ የቡና ዱቄት አቦል፣ ቶናና በረካ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ጎረቤቱም በተራ ስለሚያፈላ ሦስትና አራት ቤት በአንድ ጀበና ይጠጣል። ስኳር በሌለበት ቤት በጨው ይጠጣል። እንጀራ ከተረፈ ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም ከተረፈ በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆንና ለመንገደኛ ስንቅ ይቀመጣል። ገብሱ ቆሎ፣ በሶ፣ እንጀራና ጠላ ነው፤ የጠላው አተላ ለከብት፣ የገብሱ ገለባ ለከብትና ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ለግድግዳ ይውላል። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና የፍልሰታ ጾም በሚጾምበት ቤት ቅቤውና ዕንቁላሉ ወደ ገበያ ይወጣል። ብልኋ ሴት ደግሞ ዶሮዋን በጾም አትሸጥም፤ ለገናና ለፋሲካ ዋዜማ ታቆያታለች። ይህን ሁሉ ያስተማራት የሒሳብ መምህር የለም። እኛ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ፍላጎትና አቅርቦት ተምረን ስናበቃ የወር ገንዘባችን በሁለተኛው ሳምንት ያልቅብናል።

ይሁን እንጂ የእናቶቻችንን ዘዴ ሁሉ ማመስገን ብቻ ውሸት ይሆናል። እንደ ቁጠባ የሚቆጠር፣ ነገር ግን ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው የማስገባት ያህል የሆነ ነገር አለ። ከእነዚህ አንዱ ኩበት ነው። እንጨት ውድ ሲሆን ኩበት ይነድዳል፤ ለማገዶ ገንዘብ አልወጣምና ቤቱ ያተረፈ ይመስላል። ነገር ግን ያ ኩበት ፍግ ሆኖ ወደ እርሻው መግባት የነበረበት ነው፤ የማገዶው ዋጋ በሚቀጥለው መኸር ከእህሉ ላይ ይቀነሳል። «ምርጥ» የተባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። አንድ ጊዜ በሚወጣ ገንዘብ ለዓመታት ይድናል ማለት ነው። ብዙ ቤት ያልገባው ባለቤቲቱ ጥቅሙን ስላላወቀች ሳይሆን፣ ያንን የአንድ ጊዜ ገንዘብ በእጅዋ ለማድረግ ስለማትችል ነው። ድኻ ብዙ የሚከፍለው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚገዛ እንደ ሆነ የታወቀ ነው።

በእህሉም ሽያጭ የሚደርሰው ይኸው ነው። እህል በታኅሣሥና በጥር ከአውድማ ሲገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ያወርደዋል፤ ዕዳ አለ፣ የመሬት ግብር አለ፣ የልጅ ልብስ አለ። ዋጋው ይወድቃል። በሐምሌ ያው ገበሬ እህል ፍለጋ ወደዚያው ገበያ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ዋጋው ወጥቷል። ርካሽ ሸጦ ውድ የሚገዛ ሰው ምን ያህል ቢቆጥብ ይጠራቀምለታል? ጎተራው ውስጥ ላቆይ ቢል ደግሞ ነቀዝ አለ። አሁን በየገበያው የሚታየው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አየር አያስገባምና ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒትም አያስፈልገውም። እኛ ስለ ቁጠባ የአንድ ሰዓት ንግግር ከሚደረግ ለአንድ ቀበሌ ሁለት መቶ ከረጢት ቢሰጥ እንመርጣለን። ንግግሩ ነቀዝ አይገድልም።

አሁን ደግሞ «ገንዘቡን ባንክ ያስቀምጡ» ለሚሉን መልስ እንስጥ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ለምሳሌ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ ለገጠሩ ሰው ቅርብ ሆኖ ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን የቅርቡን ታሪክ እናስታውስ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ባንኩ ተዘግቶ፣ መብራቱና ስልኩ ተቋርጦ ነበር። ደብተሩ ላይ ገንዘብ የተጻፈለት ሰው ከደብተሩ አንድ ጣሳ ሽሮ ማውጣት አልቻለም። ያን ጊዜ የተጠቀመው በቤቱ ባቄላ ያለውና ያንን ባቄላ የሚያካፍለው ጎረቤት ያለው ነው። ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር በላይ ሆነ። ዘይቱና ሳሙናው፣ የፋብሪካ ማዳበሪያውም ጭምር ከውጭ የሚመጣ ነውና፣ በሣጥን ብር ያስቀመጠች ሴት ሳታወጣው ወጣባት። በግ የገዛችው ግን በጓ ብትወልድም ባትወልድም በግ ሆና ቆየቻት።

ታዲያ በግ ይሻላል ማለታችን ነውን? እሱም ቢሆን እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። የ1965ና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ፣ ከዚያም የ1977ቱ፣ ለሽማግሌዎቻችን ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ሁሉም ከብቱን በአንድ ቀን ወደ ገበያ ይነዳል፤ የከብቱ ዋጋ ይወድቃል፤ በሬ ተሸጦ የሚሸመተው እህል ለቤተ ሰቡ ወር አያደርስም። የህንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሀብ ባሳተመው መጽሐፍ ለኢትዮጵያ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ ሲመረምር፣ የወሎ ሰው የተራበው በአገሪቱ እህል ጠፍቶ ሳይሆን እህሉን የሚገዛበት አቅም ስለ ጠፋው እንደ ሆነ አስረድቷል። የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለተማሪው ማሳየታቸው አይዘነጋም። እነዚያ መምህራን የተራበውን ሰው «ለምን አልቆጠብህም?» ብለው አልጠየቁትም።

የከተማው ቤት ሒሳብ ከገጠሩ ይለያል። የላሊበላ ከተማ ሰው በጎብኚ ይኖር ነበር፤ አስጎብኚው፣ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ መስቀል ቀራጩ፣ በቅሎ አከራዩ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ ጎብኚው ቀረ፤ ጦርነቱ ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ከተማዪቱ እንደገና ተጨነቀች። በገና ምእመናኑ ከየአገሩ በእግር እየመጡ ከተማዪቱን ሲሞሏት፣ ያው ምንም የሌለው ቤት እግር አጥቦ፣ ቆሎና ጠላ አቅርቦ ያሳድራል። ይህን አይቶ «አባካኝነት ነው» የሚል የሒሳብ ሊቅ ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አንስማማም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሰው ሰውን ያቆየው በዚሁ ልማድ ነውና።

በእድርና በዕቁብ ላይ ብዙ አንልም፤ ሁሉም ያውቃቸዋል። ተዝካርን ግን ማለፍ አንችልም። ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የተዝካርን ወጪ ሲነቅፉ ኖረዋል፤ እኛም ለአንድ ቀን ግብዣ በሬ አርዶ በሚቀጥለው ዓመት በሬ ተከራይቶ ማረስ ትክክል አይመስለንም። ነገር ግን ተዝካርን ስንነቅፍ የራሳችንን ተዝካር አናየውም። የራሳችን ተዝካር ምረቃ ነው።

አዎን፣ ምረቃ። እዚህ ላይ ነው የምንጠይቀው ነገር የሚመጣው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም አንድ ቤተ ሰብ ጥሪት አፍርቶ ራሱን ሲችል «ተመረቀ» ይባላል። ጥሪቱ ጥቂት በጎች፣ ምናልባትም አንድ ላም ነው። እንግዲህ እናት በላስታ በላብዋ «ከተመረቀች» በኋላ ልጅዋ በዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ያንኑ ጥሪት መሸጥ ይጀመራል። ሙሉ ልብስ ይገዛል፤ ጫማ ይገዛል፤ ለቀለም ፎቶግራፍ ይከፈላል፤ ለምረቃ መጽሔት፣ ለካናቴራ፣ ለሽኝት ግብዣ መዋጮ ይጠየቃል፤ ወላጆች ለመምጣት የአውቶቡስ ይከፍላሉ፤ አገር ቤት ሲገባም ድግስ ይጠብቃል። ማንም አላስገደደንም እንላለን። ግን መዋጮ ያልከፈለ ተማሪ ፎቶግራፉ በመጽሔቱ ላይ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያንን ዕራቁት ገጽ ፈርተን ወደ ቤት ስልክ እንደውላለን። በስልኩ ወዲያ ማዶ ያለችው እናት «እሺ ልጄ» ትላለች። «እሺ» ስትል የትኛዋን በግ እያየች እንደ ሆነ አንጠይቃትም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ምረቃ በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው፤ ወላጆችም ደስ ይላቸዋል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ደስ ይላቸዋል። እኛም ደስታውን ይቅር አላልንም። ነገር ግን አባትና እናት የሚደሰቱት ልጃቸውን ጋዋን ለብሶ በማየት ነው እንጂ በመጽሔቱ ወረቀት ማማር አይደለም። ሌሎች ደግሞ «የሀብታም ልጅ ቢከፍል እናንተን ምን አገባችሁ?» ይላሉ። መዋጮው ለሁሉም አንድ ባይሆን ኖሮ ባላገባን ነበር። በአዲስ አበባ ለአንድ ቤት የሁለት ቀን አስቤዛ የሆነው ገንዘብ በቡግና ወይም በኩልመስክ ለሌላው ቤት የክረምት እህል ነው። አንድ ዓይነት ሂሳብ ለሁለቱም ማውጣት እኩልነት አይመስለንም።

መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምንለምነው አለ። በየትምህርቱ የሚታዘዘው የታተመ ማስታወሻ በወር ሲደመር ቀላል አይደለም። በቤተ መጻሕፍት ሁለት ሦስት ቅጂ ቢቀመጥና ተራ ገብተን ብናነበው፣ ወይም ይህ ጋዜጣ በሚባዛበት በዚያው በማኅበሩ ማባዣ በወረቀቱ ዋጋ ቢባዛልን ብዙ ተማሪ ያርፍ ነበር። የደመወዝ ነገር ለመምህራንም እንደማይመች እናውቃለንና ነገሩ የሚገባቸው ይመስለናል።

ለተመራቂዎች ኮሚቴ የምናቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። አንደኛ፣ መጽሔቱ በቀለም መታተሙ ቀርቶ በዚሁ ማባዣ ይውጣ፤ የከፈለም ያልከፈለም የሁሉም ስም ይግባበት። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ ሙሉ ልብስና ጫማ ካለፉት ተመራቂዎች በውሰት ወይም በስጦታ ሰብስቦ በየልኩ ያስቀምጥ፤ የሚፈልግ ለቀኑ ለብሶ አጥቦ ይመልስ። እኛ ከላስታ የመጣን ተማሪዎች ከአሁኑ ዕቁብ ጀምረናል፤ በየሳምንቱ የምንጥለው ከሻይ ገንዘባችን ነው፤ የሚደርሰውም ለወላጆች መሳፈሪያ ነው። በዕቁቡ ለመግባት የሚወድ ከየትም አገር ይሁን ስሙን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሊያስመዘግብ ይችላል። ኮሚቴው የመዋጮውን ልክ ከመቁረጡ በፊት ጉዳዩን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት እንዲያቀርበው እንጠይቃለን፤ እስከዚያ ድረስ ማንኛችንም ለመጽሔቱ ወደ ቤት ስልክ አንደውልም።