ቴራፒን ማቆም መብታችሁ ነው፤ ግን አትጥፉ



የሥነ ልቦና ሕክምና ስለመጀመር ብዙ ጊዜ እናወራለን። ስለማቆሙ ግን የሚያወራ የለም። መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ለስንት ቀን እንደምትወስዱት ይነገራችኋል፤ የተሰፋ ቁስልም ክሩ የሚወጣበት ቀን አለው። ቴራፒ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚያቆመው እንዲህ ነው፦ አንድ ቀጠሮ ይቀራል፣ ሁለተኛውም ይቀራል፣ ባለሙያዋ ስትደውል ስልክ አይነሳም። በቃ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ 669 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው ቴራፒ ከጀመሩ 5 ሰዎች አንዱ ገደማ ሕክምናው ሳያልቅ ያቋርጣል። እኛ ጋ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። «አልተመቸኝም» ማለት ነውር ይመስለናል፣ «ብር አጠረኝ» ማለት ያሳፍረናል፣ «ተሽሎኛል፣ ይበቃኛል» ማለት እንኳ ባለሙያውን ማስቀየም ይመስለናል። ስለዚህ እንጠፋለን።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ማቆም መብታችሁ ነው፤ ግን ከመቅረታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ተናገሩ። ጠፍቶ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ «ቴራፒ ለእኔ አይሠራም» የሚል ድምዳሜ ይዞ ይሄዳል። ነገ ድብርቱ ወይም ጭንቀቱ ሲመለስበት ወደ ቀድሞው ባለሙያ ለመሄድ ያፍራል፣ ወደ ሌላ ለመሄድም ተስፋ ያጣል። አንድ አጭር ንግግር ስለከበደን ለዓመታት እርዳታ ሳናገኝ እንቀራለን።

ታዲያ የሚቆመው መቼ ነው?

1. የመጣችሁበት ጉዳይ ሲሻሻል። ለድብርትና ለጭንቀት የሚሰጠው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና (ሲቢቲ) አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የሚባለው አጭር የምክር አገልግሎት ደግሞ 5 ቀጠሮ ብቻ ነው። ሥር የሰደደ ችግር ከዚህ ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን «ምን ሲሳካልን ነው የምንጨርሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሚታይ ነገር ይሁን፦ ሌሊት መተኛት፣ ሳይፈሩ ታክሲ መሳፈር፣ ሳይጮሁ ከትዳር አጋር ጋር መነጋገር።

2. ለውጥ ሲጠፋ። «ይኸው ስንት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ያው ነኝ» በሉ። ባለሙያው ዘዴውን ሊቀይር ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ ሊልካችሁ ይችላል። ይህን ማንሳት የታካሚው ሸክም ብቻ መሆን የለበትም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ታካሚው ሕክምናው የማያስፈልገው፣ የማይጠቅመው ወይም የሚጎዳው መሆኑ ሲታወቅ ባለሙያው እንዲያቆም ያዛል። ለወራት እየተቀበላችሁ «እንዴት እየሄደልህ ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ባለሙያ ሥራውን አጉድሏል።

3. አቅም ሲያጥር። ገንዘብም ጊዜም ቢሆን በግልጽ ተናገሩ። በየሳምንቱ የነበረው በየ15 ቀኑ ወይም በየወሩ ሊሆን ይችላል፤ ወደ መንግሥት ሆስፒታል መላክም ይቻላል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። አንዳንዴ የማቆም ፍላጎት የሚመጣው የሚያመው ጉዳይ ገና ሲነካ ነው። «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ መምጣት አስጠልቶኛል» ብሎ መናገር ራሱ ትልቅ የሕክምና ርምጃ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

«ዶክተር፣ ከፍዬ የምሄድበትን ቦታ ለመተው ደግሞ ማስረዳት አለብኝ?» የሚል ይኖራል። ግዴታ የለባችሁም። በተለይ ባለሙያው ምስጢራችሁን ካወጣ፣ ካዋረዳችሁ ወይም ወሲባዊ ጥያቄ ካነሳ ወዲያውኑ ውጡ፤ ስንብት አይገባውም፣ ለሚመለከተው አካልም አመልክቱ። ከዚህ ውጪ ግን የመጨረሻው ቀጠሮ የሚጠቅመው ለእናንተ ነው። ምን እንደተለወጠ ትቆጥራላችሁ፣ ችግሩ ሲመለስ የሚያሳያቸውን ምልክቶች ትለያላችሁ፣ ያኔ ምን እንደምታደርጉና ለማን እንደምትደውሉ ትስማማላችሁ። በሩም ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ወላጆች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ልጁ ውጤቱ ስለተሻሻለ ወይም ማልቀስ ስላቆመ ብቻ በድንገት አታስቀሩት። ለወራት ሆዱን የከፈተላት ሰው አንድ ቀን ድንገት ብትጠፋበት «ጥፋት ሠርቼ ይሆን?» ብሎ ሊያስብ ይችላል። ከባለሙያዋ ጋር ተመካከሩ፣ ለልጁ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ቻው ብሎ እንዲለያት ዕድል ስጡት።

በመጨረሻም ሁለት ነገር አትርሱ። ቴራፒ አቆማችሁ ማለት መድኃኒት ታቆማላችሁ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱን ካዘዘላችሁ ሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አታቋርጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ጊዜው የማቆሚያ አይደለም፤ ለምትቀርቡት ሰው ተናግራችሁ ዛሬውኑ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ።

ቀጠሮ ትታችሁ የቀራችሁ ካላችሁ ዛሬ ደውሉ። «ጠፍቼ ነበር፣ አንድ ቀን መጥቼ ላነጋግርሽ» ማለት ይበቃል። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ አይደለም።

ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።