ስለ አማርኛ ሚዲያ በእንግሊዝኛ ዶክተር መሆን

ወገን፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ካድሬ ሳይሆን ስለ ዶክትሬት ነው።

አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ይታተማል። እሱን የሚያጠናው የዩኒቨርሲቲያችን የጋዜጠኝነት ተማሪ ግን ርዕሱን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ፣ በእንግሊዝኛ ተንትኖ፣ በእንግሊዝኛ ይሟገታል። ብዙ ጊዜ አማካሪውም ፈታኙም አማርኛ ተናጋሪ ናቸው እኮ! ታዲያ የሚተረጎመው ለማን ነው?

እንግሊዝኛ ይቅር አላልኩም። ነገሩ ከቋንቋም ያልፋል። ሁሉም የሚጠቅሰውን የ«አጀንዳ ሰቲንግ» ጥናት ማኮምብስና ሾው በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ቻፕል ሂል ላይ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልቆረጡ 100 ሰዎችን ጠይቀው ነው። ለቦታው ጥሩ ጥናት ነው። የኛ ሰው ግን አጀንዳውን ከቡና ላይ፣ ከታክሲ፣ ከለቅሶ ቤት፣ ከቴሌግራም አይደል የሚለቅመው? «ቲዎሪህ የት አለ?» የሚል አማካሪ ሞልቷል። «ሰውህስ የት አለ?» የሚለው ነው የጠፋው።

አሽሙርን ውሰዱ። መብራት ሲጠፋ «እናመሰግናለን፣ በዚሁ ቀጥሉ» ብሎ የሚጽፍ አለ። ቃል ቆጣሪው ጥናት «አዎንታዊ» ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ሰውዬው እኮ እየተሳደበ ነው! ይሄንን አማካሪው ካላረመ ማን ያርማል?

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ 2 ዓመት ያሳስራል፤ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስከ 5 ዓመት። አንድ ቃል ተረት ነው፣ ስድብ ነው ወይስ ቅስቀሳ? ይሄንን ችሎት ፊት ቆሞ በጥናት የሚያስረዳ ምሁር ማን አሠለጠነልን? ወጣቱ የሚከሰሰው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ በጻፈው ነው፤ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አይደለም።

አማካሪውን ብቻ መውቀስም ነውር ነው። ደሞዙ አልበቃ ብሎት ሦስት ቦታ የሚያስተምር ሰው፣ የተማሪውን ምዕራፍ መቼ ያንብብ? ምዕራፍ ልኮ ስድስት ወር መልስ የጠበቀ ልጅ አውቃለሁ። የመጣለት መልስ «ፎርማቱን አስተካክል» የሚል ነበር።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዋናው ጥቅስ በገዛ ፊደሉ ይቀመጥ፣ ትርጉሙ ከሥር ይከተል። ጥናቱ የተሠራበት ሕዝብ በሚያነበው ቋንቋ ደህና ማጠቃለያ ይጻፍ፤ አንድ አንቀጽ አይደለም፣ ሃያ ገጽ። ለአንድ አማካሪ የሚሰጠው የተማሪ ቁጥርም ልክ ይኑረው።

ዘንድሮ ዲፌንስ ያላችሁ ልጆች፣ ቀኑንና አዳራሹን ኮሜንት ላይ ጣሉልን። መጥተን እንሰማለን፤ ከተፈቀደልንም በአማርኛ እንጠይቃለን።