የተቀዳው ውሃ አይደፋ

በሐምሌና በነሐሴ የኻምሲን ነፋስ በጅቡቲ ከተማ ላይ ሲነሣ፣ የትንፋሽ ማጠርንም፣ ድካምንም፣ የሌሊት ላብንም በሙቀቱ ማሳበብ ለሁላችንም የቀለለ ስለ ሆነ፣ ብርቱ ደዌ በሰው ደረት ውስጥ ተሸሽጎ ወራት ሲቆይ የሚጠረጥረው አይገኝም።

ፒኬ 12 ከሚባለው የከባድ መኪናዎች ሰፈር የማውቀው አንድ የአገራችን ሾፌር ይኸው ደርሶበታል። በጀርባው መተኛት ስላቃተው ትራስ ታቅፎ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ ያድር ነበር፤ የአንገቱ ደም ሥር ተገትሮ ይታያል፤ እግሩም አብጦ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። በመጨረሻ በአልትራሳውንድ ሲታይ ልቡ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ፤ ውሃው በመርፌ ተቀድቶለት በረጅሙ ሲተነፍስ ወዳጆቹ ሁሉ ፈውስ የተገኘ መሰላቸው፤ የተቀዳው ውሃ ግን ወደ ላቦራቶሪ ሳይላክ ተደፋ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ልቡ እንደገና ውሃ ቋጠረ።

ልብን እንደ ከረጢት የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በጤናማ ሰው ዘንድ ጥቂት ማንኪያ ፈሳሽ ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ሲቆጣ ግን ፈሳሹ ይበዛል፤ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ እንደ ሆነ ከአንድ ሊትር ሊያልፍ ይችላል፤ በድንገት የመጣ እንደ ሆነ ግን 200 ሚሊ ሊትር ያህሉ እንኳ ልብን አፍኖ ሊገድል ይችላል። እንዲህ የሚያፍነውን ውሃ ፈጥኖ መቅዳት ግድ ነው። ነገር ግን የነፍስ አባት የኃጢአቱን ምንጭ ሳይጠይቅ ቀኖና እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ሐኪምም መንሥኤውን ሳይመረምር ሕሙሙን ሊያሰናብት አይገባውም።

በአውሮፓ የዚህ ቁጣ መንሥኤ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ስለ ሆነ ብዙው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ ሳንባ ነቀርሳ በበዛበት በጅቡቲና በኢትዮጵያ ግን አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ይኸው ነቀርሳ ነው። ተህዋሲውን ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. ለዓለም ቢያስታውቅም፣ ከልብ ሽፋን በተቀዳ ውሃ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ማግኘት ዛሬም አዳጋች ስለ ሆነ፣ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ብቻውን ከጥርጣሬ አያወጣም፤ የተህዋሲውን ዘረመል የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርትና በውሃው ውስጥ ያለውን ኢንዛይም የሚለካው የኤዲኤ ምርመራ፣ አክታ፣ የደረት ራጅ፣ የኤችአይቪ ምርመራም አብረው መታየት አለባቸው። ቦንጋኒ ማዮሲ የተባሉት ደቡብ አፍሪካዊ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ8 የአፍሪካ አገሮች፣ በ1400 ሕሙማን ላይ አድርገው በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ቁጣ አብራጅ መድኃኒት የልብ ሽፋን ጠጥሮ ልብን እንዳያንቅ ቢረዳም፣ ኤችአይቪ ባለባቸው ላይ ካንሰርን እንደሚያበዛ አሳይቷል።

ሁሉን ነቀርሳ ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ የደከመ ኩላሊትና ካንሰርም ልብን ውሃ ያስቋጥራሉ፤ ካንሰር ያለበትን ሰው 6 ወር የነቀርሳ መድኃኒት ማስዋጥ ጊዜውን መስረቅ ነው።

ስለዚህ ዘመድህን በሐኪም ቤት ደጃፍ የምትጠብቅ አንባቢ ሆይ፣ ልቡ ውሃ ቋጥሯል ብለው ሲቀዱለት፣ ውሃው ወዴት እንደ ተላከና ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ በትሕትና ጠይቅ፤ መልስ ሳታገኝም ወደ ቤትህ አትመለስ።