ጭስ የሌለው ጭሰኛ

የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ አሜሪካ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር በረዶ በሚቆለልባት አንዲት ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ይኖራል። ሰሞኑን ደወለና «ጋሼ፣ አራት አባወራ የሚይዝ ቤት ልገዛ ነው» አለኝ። በአንዱ ሊኖርበት፣ ሦስቱን ለተማሪዎች ሊያከራይ፣ በኪራዩ የባንኩን ዕዳ ሊገፋ። እዚያ አገር እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ ከመኖሪያ ቤት ስለሚቆጠር፣ ባለቤቱ ከገባበት በመንግሥት ዋስትና 3.5 በመቶ ብቻ ቀድሞ ከፍሎ መበደር ይችላል። እሰየው አልኩ።

«በዚያው ደግሞ አዴት፣ እናቴ ጓሮ ስምንት ክፍል ላስደረድር ነው፤ ለተማሪ» ሲለኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

«ለመሆኑ እዚያ ማሞቂያ የሌለው ቤት ታከራያለህ?»

«እንዴ ጋሼ! ይከሱኛል እኮ!»

«ለአዴቶቹ ስምንት ክፍሎችስ ስንት ሽንት ቤት አሰብክ?»

«አንድ።»

እናላችሁ፣ ነገሬ ከዚህች «አንድ» ጋር ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መንግሥት ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ወጪውንም ተመርቆ ይጋራል። ከይልማና ዴንሳ ገጠር ወጥቶ አዴት ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ግን ማደሪያ የለውም። ስንቁን፣ ማለትም እንጀራውን፣ ድርቆሹንና ሽሮውን ተሸክሞ በእግሩ ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ትምህርት ቤት ተዘግቶበት የከረመውም፣ የባከነበትን ዓመት ሊክስ የሚመጣው እዚያችው ክፍል ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ የበሩ መቀርቀሪያና የሽንት ቤቱ ርቀት ትምህርቷን የመቀጠልና የማቋረጥ ጉዳይ ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ በላይ አምጡ ሲሉ ባላገሩ አምጾባቸዋል። ያ ጭሰኛ መሬቱ የሌላ ሰው ቢሆንም፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ ጭሱ የራሱ ነበር። የዛሬው ልጅ «ግድግዳ ይጠቁራል» ተብሎ እሳት ይከለከላል፤ «ቆጣሪ ይበላል» ተብሎ በጊዜ መብራት ያጠፋል። ጭስ የሌለው ጭሰኛ! የሚያምጽበት ጉልበትም የለው፤ ዕቃውን አውጥተው ደጅ ቢያስቀምጡለት ፈተናው ያመልጠዋል።

ማከራየት ነውር ነው አልወጣኝም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ምን እንደተከተለ አይተናል፤ የቀበሌ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ጠጋኝ አጣ። አዲሱ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሁለት ዓመት ውል፣ ከሁለት ወር ያልበለጠ ቅድሚያ ክፍያና የውል ምዝገባ ይላል። መልካም። ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አከራዩን ተጋፍጦ «ውሌን መዝግቡልኝ» ሲል ይታያችኋል? የልጁን መብት ልጁ እንዲጠብቀው ትቶ መቀመጥ አይበቃም። ማዘጋጃ ቤቱ ለሚደረደር ክፍል ሁሉ ሽንት ቤቱን፣ ውኃውንና መስኮቱን ቆጥሮ ይፍቀድ፤ ትምህርት ቤቱም ተማሪዎቹ የት እንደሚያድሩ ሄዶ ይይ።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ጋሼ፣ ሽንት ቤት ከጨመርኩ እኮ አንድ ክፍል ይቀንስብኛል» አለኝ።

ይቀንስ! አንተም እኮ ከስምንት ዓመት በፊት ሳይሆን ከሃያ ዓመት በፊት፣ ስንቅህን ተሸክመህ እዚያው አዴት የሰው ጓሮ ነው ያደግኸው።