የሽማግሌው ደረሰኝ

የወይጦ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው አንድ አዛውንት በባንክ መስኮቴ ፊት ቆመው የመብራት ሂሳባቸውን ከፈሉ። ፀማይ ናቸው፤ አማርኛቸው ለገበያ የሚበቃ ነው። «ከምን ከምን እንደተደመረ አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብሁላቸው። የቴሌቪዥኑ ክፍያ ላይ ስደርስ፣ «ልጄ፣ እኔ ሥዕሉን ነው የማየው፤ ወሬው አይገባኝም» አሉ። መልስ አጣሁ። በፀማይኛ ዜና ሲነበብ እኔም ሰምቼ አላውቅምና።

«ምን ያህል ገንዘብ ነውና!» የሚሉ አሉ። እንግዲያው ትንሽ ከሆነ፣ መተዉስ ስለ ምን ይከብዳል? ለደመወዝተኛ ትንሽ የሆነው፣ የጡረታ ደብተር ለሌለው ገበሬና አርብቶ አደር ትንሽ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አረጋውያንን መንከባከብን፣ አቅም በፈቀደ መጠን፣ የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎታል። ይህችን ክፍያ መማር ከአቅም በላይ ነውን?

ነገር ግን ምሕረቱ እንዴት እንደሚሰጥ ከሌላው እንማር። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 75 ዓመት የሞላቸው አረጋውያን ከቴሌቪዥን ክፍያ ነፃ ነበሩ። በነሐሴ 2020 ግን ነፃነቱ የድሆች የጡረታ ድጎማ ለሚቀበሉት ብቻ ተወሰነ፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ዕድሉን አጡ። ዓመታዊው ክፍያ ያን ጊዜ 157 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ነበር። ድጎማው በማመልከቻ የሚገኝ በመሆኑ፣ የሚገባቸው ሆነው ሳያመለክቱ የቀሩ ድሆችም ከፋዮች ሆኑ። ተለምኖ የሚገኝ ምሕረት የሚደርሰው ደጅ መጥናት ለሚችል ብቻ ነው።

ስለዚህ የእኛ አዛውንት በየዓመቱ ወረቀት ተሸክመው አይመላለሱ። የቀበሌ መታወቂያቸው 60 ዓመት መሙላታቸውን ካሳየ፣ በስማቸው ካለው ቆጣሪ ላይ ክፍያው ለዘለቄታው ይነሣ።

«አብዛኛው የገጠር ሽማግሌ መብራትም ቴሌቪዥንም የለውም፤ ምሕረቱ ለጥቂቶች ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ለዚህም ነው ወጪው የማይከብደው። ይህ የጡረታን ጥያቄ አይመልስም፤ ጡረታ እስኪመጣ ግን ከሽማግሌ ኪስ እጃችንን እናንሣ።

የሰጡንን ረስተን፣ ያላቸውን ቆጥረን፣
ከሽማግሌ ኪስ ሳንቲም ለቃቅመን፣
ማኅተም አሳርፈን «ተከፍሏል» ብንልም፣
የእኛ ዕዳ ለእሳቸው ገና አልተከፈለም።