ሸንተረሩንስ ማን ሸጠው?
ወገኖች፣ ሌዘር ሸንተረርን (ስትሬች ማርክን) ያደበዝዛል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። አዲስ በወጣው ላይ የተሻለ ይሠራል፤ እንደኛ ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ግን ካልተመጠነ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። የአልትራሳውንዱ ማስረጃ ደግሞ ገና ደካማ ነው።

ደንበኞቻችን ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት፣ ከኪኩቦ የምንጭናቸውን ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞች እንይ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት ክሬም ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳ ያሳሳል፣ ራሱ ሸንተረር ያወጣል። ሜርኩሪና ሃይድሮኩዊኖን ያለባቸውን ደግሞ የዩጋንዳ ብሔራዊ ደረጃዎች ቢሮ ከልክሏቸዋል።

ትርፉ ለእኛ፣ ጠባሳው ለእህቶቻችን አይሁን። ከመግዛታችሁ በፊት የካርቶኑን ጀርባ አንብቡ፤ ከእነዚህ ስሞች አንዱ ካለበት ተዉት። የተቀላቀለበት ነገር ያልተጻፈበትንም አትጫኑ።